ውሃ የሚጠማው እንጨት፦ የቢች ጣውላ ጠባይና አገልግሎት

በደንብ የተላገ የቢች እንጨት ቁራጭ ይዞ ወደ ብርሃን ያስጠጋ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእንጨቱ ላይ በተበተኑት ጥቃቅን ቡናማ ሰረዞች ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰረዝ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሁሉም የግንዱን ቁመት ተከትለው በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ በሹል እርሳስ አንድ በአንድ የተሳሉ ይመስላሉ። ቁራጩን ገልበጥ አድርጎ በጎኑ ያየው እንደሆነ ደግሞ ሰረዞቹ ይጠፉና በምትካቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ የሚሉ ሰፋ ያሉ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። ከግንዱ እምብርት ተነሥተው ወደ ቅርፊቱ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚዘረጉ፣ ዛፉ ምግቡን ወደ ጎን የሚያመላልስባቸውና የሚያከማችባቸው የሕዋሳት ስብስቦች ናቸው፤ ባለሙያዎችም ስማቸውን ከቅርጻቸው ወስደው ጨረር ይሏቸዋል። ልምድ ያለው አናጢ ቢችን ከሌላ ነጣ ያለ እንጨት የሚለየው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ጨረሮች አይቶ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ቢች» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ሲጻፍ የባሕር ዳርቻን ከሚያመለክተው ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆን አንባቢን ሊያሳስት ይችላል፤ የጃፓኑ ዝርያ በአገሩ ቋንቋ «ቡና» መባሉም ከምንጠጣው ቡና ጋር ያለው ግንኙነት የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ፋገስ የሚባለው ይህ የዛፍ ወገን ከኦክና ከቼስትነት ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። በጣውላ ንግድ ውስጥ በሰፊው የሚታወቁት የአውሮፓ ቢች፣ ከባልካን እስከ ካስፒያን ባሕር ዳርቻ ድረስ የሚበቅለው የምሥራቅ ቢች እና የሰሜን አሜሪካ ቢች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ፋገስ ሲልቫቲካ ብሎ የሰየመውን የአውሮፓውን ቢች የሚመለከቱ ናቸው፤ የሌሎቹም ጠባይ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዛፉ ልሙጥ ግራጫ ቅርፊት ያለው ሲሆን በተመቸው ስፍራ ከ30 እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ችግኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ለዓመታት ታግሦ ማደግ ስለሚችል ቢች የሰፈረበትን ደን በጊዜ ብዛት ለብቻው የመያዝ ዝንባሌ አለው። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ደኖች በስሎቫኪያና በዩክሬን እ.ኤ.አ. በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ምዝገባውም በየጊዜው እየሰፋ ዛሬ 18 አገሮችን ያካትታል። ለጣውላ ተጠቃሚ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው፤ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ያደገ ቢች ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ የታችኛው ግንዱ ረጅም፣ ወፍራምና ቅርንጫፍ የሌለው ይሆናል።

የቢችን ጠባይ ለመረዳት ግንዱ በውስጡ ውሃ የሚያሳልፍባቸውን ቱቦዎች መመልከት ይበጃል። ኦክን የመሰለ ዛፍ በየዓመቱ የእድገት ወቅት ሲጀምር በዓይን የሚታዩ ትልልቅ ቱቦዎችን፣ በኋላ ደግሞ ጥቃቅኖቹን ስለሚሠራ ጣውላው ጉልህ መስመርና ሻካራ ሸንተረር ይኖረዋል። የቢች ቱቦዎች ግን ጥቃቅንና ብዙ ናቸው፤ በዓመታዊው ቀለበት ውስጥም ከዳር እስከ ዳር በተቀራራቢ ስርጭት ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት የቢች ገጽ ወጥና ደቃቅ ነው፤ በመላጊያ ሲላግ ይለሰልሳል፣ በቶርኖ ሲዞር ጠርዙ ሳይሸራረፍ ቅርጹን ይይዛል። ሙጫ የለውም፤ ከደረቀ በኋላ የሚሰማ ሽታም ሆነ ጣዕም አይተውም። ብዙ ዛፎች የውስጠኛውን እንጨታቸውን ከፈንገስና ከነፍሳት የሚከላከል ጥቁር ወይም ቡናማ ቅመም ያጠራቅሙበታል፤ ቢች ግን ይህን አያደርግም። ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው፤ በውስጣቸውም የሚያስፈራ መርዝ የለም። ስለዚህ ውሃ ከመጣ ውሃን፣ እንፋሎት ከመጣ እንፋሎትን፣ ቀለም ከመጣ ቀለምን ያለ ብዙ ማንገራገር ይቀበላል። በእኔ እምነት የዚህ እንጨት መልካምነትም ሆነ ድክመት ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከዚህ ተቀባይነቱ ነው፤ ይህን የያዘ ሰው ቢች ለምን ወንበር እንደሚሆን፣ ለምንስ የአጥር ቋሚ እንደማይሆን ሳይነገረው ሊገምት ይችላል።

በጥንካሬው እንጀምር። 12 ከመቶ እርጥበት ያለው የቢች ጣውላ እፍጋት በአማካይ በሜትር ኪዩብ 720 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከአውሮፓ ኦክ ጥቂት ይበልጣል፣ ከተለመደው ፓይን ደግሞ እጅግ የከበደ ነው። የእንጨት ጥንካሬ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ 11.28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን የብረት ኳስ እስከ ግማሿ ድረስ እንጨቱ ውስጥ ለመቅበር የሚያስፈልገውን ኃይል መመዝገብ ነው። ለቢች ይህ ኃይል ወደ 6,400 ኒውተን ይጠጋል፤ ይህም 650 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ኳሷ ላይ እንደ መጫን ማለት ሲሆን ከተለመደው የአውሮፓ ፓይን ከእጥፍ በላይ ነው። በዚህ ላይ ቃጫው እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ በተደጋጋሚ ሲመታ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ሲፋቅ ደግሞ ስንጣሪ ከማውጣት ይልቅ እየለሰለሰ ይሄዳል። የመሮ እጀታ፣ የእንጨት መዶሻ፣ የመላጊያ አካልና የአናጢ የሥራ ጠረጴዛ ከነሞርሳው በመካከለኛውና በምዕራብ አውሮፓ ለብዙ ዘመን ከቢች ሲሠሩ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። አናጢዎች ለገዛ መሣሪያቸው የመረጡትን እንጨት መመልከት ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ምስክርነት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ድክመቱ ስንመጣ ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ማንኛውም እንጨት ሲደርቅ በመጀመሪያ የሚያጣው በሕዋሳቱ ክፍት ቦታ ያለውን ውሃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ከ30 ከመቶ አካባቢ ሲወርድ ግን በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ውሃ መውጣት ይጀምራል፤ ግድግዳዎቹ ሲሳሱ እንጨቱም ይኮማተራል። ቢች ከእርጥብ ግንድነት እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ በጨረሮቹ አቅጣጫ 5.8 ከመቶ ገደማ፣ የዓመታዊ ቀለበቶቹን ዙሪያ ተከትሎ ደግሞ 11.8 ከመቶ ገደማ ይኮማተራል። በቁመቱ የሚያጥረው ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። በስፋት ከሚሠራባቸው የእንጨት ዓይነቶች መካከል ይህ ከፍተኛ ከሚባሉት ይመደባል። የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት እጥፍ መሆኑ ደግሞ የባሰውን ችግር ያመጣል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ሁለት እጥፍ ሲሸሽ ጣውላው ቀጥ ብሎ መቆየት አይችልም፣ ይንጋደዳል።

ይህ ነገር በቤት ዕቃ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በተለመደው የአየር እርጥበት ክልል ውስጥ የቢች እርጥበት በ1 ከመቶ በተለወጠ ቁጥር ጣውላው በቀለበቶቹ አቅጣጫ በ0.41 ከመቶ፣ በጨረሮቹ አቅጣጫ ደግሞ በ0.20 ከመቶ ያህል ይሰፋል ወይም ይጠባል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ገበታ በደረቅ ወቅት 8 ከመቶ፣ በእርጥብ ወቅት 12 ከመቶ እርጥበት ይኖረዋል እንበል። ጣውላዎቹ ከግንዱ ጠፍጣፋ ሆነው የተሰነጠቁ ከሆነ ገበታው በሁለቱ ወቅቶች መካከል ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል፤ ጨረሮቹን ተከትለው የተሰነጠቁ ከሆነ ግን ለውጡ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። አሥር ሚሊ ሜትር የአንድ ጣት ውፍረት ሊያህል ጥቂት የሚቀረው ነው። ገበታው ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር በኮላና በሚስማር ተጠፍንጎ ከተያዘ መሄጃ ስለሌለው ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ፍሬሙን ይገፈትራል። ስለዚህ የሚያውቅ አናጢ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ገበታው ሲያብጥና ሲኮማተር ብሎኑ በሞላላው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ለሰፊ ገበታ ቢችን የመረጠ ሰው ይህችን ትንሽ ቀዳዳ የመርሳት መብት የለውም።

ጣውላው አናጢው ዘንድ ከመድረሱ በፊትም ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቢች በተለምዶ የሚቆረጠው በብርድ ወራት ነው፤ ግንዲላው ሙቀት ሳይመጣ መሰንጠቅ አለበት። እርጥብ ግንዲላ በሞቃት አየር ውስጥ ከተረሳ ፈንገስ በተቆረጠው ጫፍ ገብቶ በሳምንታት ጊዜ እንጨቱን ያዥጎረጉረዋል፣ ቀጥሎም ያበሰብሰዋል። መበስበሱ ገና በጅምሩ ላይ ከተገታ የሚቀረው በጥቁር መስመር የተከበበ ቅርጽ እጅግ ያማረ ስለሆነ የጎድጓዳ ዕቃ ጠራቢዎች ይፈልጉታል፤ ለወንበር እግር ግን አይታመንም። ሌላው ችግር ዛፉ በቁሙ ሳለ በግንዱ ውስጥ የያዘው ውጥረት ነው። ግንዱ በተቆረጠ ጊዜ ይህ ውጥረት ይፈታና ጫፎቹ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ እንዳይገፋም ሠራተኞች በእባብ ቅርጽ የተጠማዘዘ ስስ ብረት ጫፉ ላይ በመዶሻ ይቀብራሉ። ማድረቁም ቢሆን አይቻኮሉበትም። ቢች ውሃውን ለመልቀቅ ዳተኛ ባይሆንም በኃይል ከደረቀ ይንጋደዳል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጣውላዎቹ በመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው ስስ እንጨቶች እየገቡ ይደረደራሉ፣ ከላይም ክብደት ይጫንባቸዋል።

ብዙ ጊዜ ከማድረቁ በፊት ጣውላው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእንፋሎት እንዲበስል ይደረጋል። እንፋሎቱ የውስጡን ውጥረት ያላላል፣ ነፍሳትን ይገድላል፣ ነጣ ያለውን እንጨት ደግሞ ወደ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ይለውጠዋል። በገበያ ላይ አንዱ ቢች የገረጣ፣ ሌላው ደግሞ የቀላ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው የዛፉ ዝርያ ስለተለያየ ሳይሆን አንዱ በእንፋሎት ያለፈ፣ ሌላው ያላለፈ በመሆኑ ነው። ሁለቱን አደባልቆ አንድ ዕቃ የሚሠራ ሰው ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ ስለሚጎላበት አስቀድሞ መለየት ይገባዋል።

ከዚህ የተለየ ሌላ ቅላትም አለ። ያረጁ የቢች ግንዶች ሲቆረጡ እምብርታቸው አካባቢ ጫፉ የተዛነፈ ቀይ ቡናማ ክብ ይገኛል፤ ይህም ቀይ ልብ ይባላል። ዛፉ እርጅና ሲጫነው ውስጡ ከውሃ እየጎደለ ይሄዳል፤ ቅርንጫፍ ሲሰበር ወይም ግንዱ ሲቆስል በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ኦክስጅኑም በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉትን ቅመሞች ቀይ ያደርጋቸዋል። በዚሁ ጊዜ ቱቦዎቹ በትናንሽ ፊኛ መሰል እድገቶች ይደፈናሉ። ቀይ ልብ የእንጨቱን ጥንካሬ አይቀንስም፤ ከመበስበስም አይጠብቀውም። ገዢዎች ወጥ ቀለም ስለሚወዱ ግን ቀይ ልብ የበዛበት ግንድ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ልማድ ሊታረም የሚገባው ይመስለኛል፤ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ያደገ ግንድ ጥንካሬው ሳይጓደል በቀለሙ ብቻ ወደ ማገዶ የሚወርድበት ምክንያት የለም። በጠረጴዛ ገበታ ላይ ቀዩና ነጩ እንደ ደመና ተያይዘው ሲታዩም ማንም ሰው ጉድለት ነው ብሎ አይገምታቸውም።

ቢች ለእንፋሎት ያለውን ተቀባይነት በአግባቡ ተረድቶ ዓለምን ያስቀመጠበት ሰው ሚካኤል ቶኔት ነው። ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1796 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦፓርድ የተወለደ አናጢ ነበር። በመጀመሪያ ስስ የእንጨት ልጣጮችን በኮላ ውስጥ ቀቅሎ እያጣበቀ ያጎብጥ ነበር፤ ወደ ቪየና ከተዛወረ በኋላ ግን ድፍን የቢች ዘንግ ማጉበጥ የሚቻልበትን ዘዴ አጎልብቶ እ.ኤ.አ. በ1856 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ፋብሪካውንም ያቋቋመው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በሚገኘው በሞራቪያ፣ በቢች ደኖች አጠገብ ባለችው ኮሪቻኒ ነበር።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ቢብራራ መልካም ነው። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ወደ ግማሽ ክብ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ከውስጡ ጎን 94 ሚሊ ሜትር ያህል የረዘመ መንገድ መሸፈን አለበት። ይህ ልዩነት ከአንድ ቦታ መምጣት ይኖርበታል፤ ወይ የውጭው ይለጠጣል ወይ የውስጡ ይጨማደዳል። የእንጨት ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር በእርጥብ ሙቀት ሲለሰልስ ቢች በቁመቱ እስከ ሩብ ድረስ ሊታመቅ ይችላል፤ ሊለጠጥ የሚችለው ግን ከ2 ከመቶ አይበልጥም። በባዶ እጅ የታጠፈ ዘንግ የውጭ ጎኑ ተለጥጦ ስለሚበጠስ ይሰበራል። ቶኔት ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ስስ የብረት ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው በዘንጉ የውጭ ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታሰራል፤ ብረቱ ስለማይለጠጥ እንጨቱም እንዳይለጠጥ ያግደዋል፣ መታጠፉ ሁሉ በውስጠኛው ጎን መታመቅ ብቻ እንዲፈጸም ያስገድደዋል። በሥራው ቦታ የነበረውን ሁኔታ በዓይነ ሕሊና ማየት ይቻላል። ዘንጉ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ አንድ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ ከቆየ በኋላ ሲወጣ ሠራተኞቹ የሚኖራቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ብረቱን አስረው፣ ከብረት ቅርጹ ጋር አዙረው፣ ጫፉን በማሠሪያ ካላጠበቁ ሊግኒኑ ተመልሶ ይጠነክራል። ከዚያ ዘንጉ ከነቅርጹ ወደ ማድረቂያ ክፍል ይገባል፤ ሲደርቅም የተሰጠውን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው የቶኔት 14 ቁጥር ወንበር የዚህ ዘዴ ፍሬ ነው። ወንበሩ ስድስት የእንጨት ክፍሎች፣ አሥር ብሎኖችና ሁለት ዳዶዎች ብቻ ነበሩት፤ 36 ወንበሮች ተፈታትተው አንድ ሜትር ኪዩብ በሚይዝ ሣጥን ውስጥ ይገቡ ነበር። እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። የወንበሩ ውበት የተገኘው እንጨቱን ቆራርጦ በማጋጠም ሳይሆን የእንጨቱን ቃጫ ሳይቆርጡ አብሮት በማጉበጥ ነው፤ ቃጫው ከወለሉ ተነሥቶ የኋላ እግሩንና መደገፊያውን አልፎ ተመልሶ እስከ ወለሉ ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ቀላልነቱንና ጥንካሬውን አንድ ላይ የሰጠውም ይህ ነው።

ከዚህ እጅግ በተለየ ስፍራ፣ በባቡር ሐዲድ ሥር፣ ይኸው ተቀባይነት ሌላ ጥቅም ሰጥቷል። በአውሮፓ የጣውላ መመዘኛ ቢች በመበስበስ ረገድ የመጨረሻው፣ ማለትም አምስተኛው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ነው፤ እርጥብ አፈር ላይ ተጥሎ ምንም ሳይቀባ ቢቀር የጥቂት ዓመት ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል፣ ነቀዝም ይበላዋል። ነገር ግን ፈንገስን በቀላሉ የሚያስገባው ቱቦ መድኃኒትንም እንዲሁ ያስገባል። ጆን ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1838 በእንግሊዝ ባስመዘገበው ዘዴ እንጨት በብረት በርሜል ውስጥ ተዘግቶ አየሩ ይመጠጣል፤ ከዚያ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ክሬኦሶት በግፊት እንዲገባ ይደረጋል። ኦክ ከዳሩ አልፎ ብዙ የማይጠጣውን ፈሳሽ ቢች እስከ ውስጥ ድረስ ይጠጣዋል። በዚህ መንገድ የታከሙ የቢች አግዳሚዎች በሐዲድ ሥር ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላሉ። ቀይ ልብ ያለበት ክፍል ግን ቱቦው ስለተደፈነ መድኃኒቱን አይቀበልም፤ በቀለም ጉዳይ ብቻ የሚናቀው ቀይ ልብ እውነተኛ ጉድለት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ክሬኦሶት መርዛማ በመሆኑ በእርሱ የታከመ አሮጌ አግዳሚ ለቤት ዕቃ፣ ለሕፃናት መጫወቻ ስፍራም ሆነ ለማገዶ መዋል የለበትም። የሚገርመው ክሬኦሶት የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰጠው ካርል ራይኸንባኽ እ.ኤ.አ. በ1832 ከራሱ ከቢች ሬንጅ ለለየው ሌላ ፈሳሽ ነበር፤ የከሰሉ ክሬኦሶት ስሙን የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

በቤት ውስጥ፣ በተለይም በማብሰያ ክፍል፣ የቢች ተመራጭነት የሚመነጨው ጣዕምና ሽታ ከሌለው ገጹ ነው። ማንኪያ፣ መክተፊያና መዳመጫ ከእርሱ ይሠራሉ። አዲስ የቢች ማንኪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ይሻክራል፤ የታጠፉት ደቃቅ ቃጫዎች ውሃ ጠጥተው ስለሚቆሙ ነው። ጥሩ ሠሪ ይህን ገዢው እጅ ላይ እንዲደርስ አይተወውም፤ ዕቃውን ራሱ በውሃ አርጥቦ፣ አድርቆ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳግመኛ ካለሰለሰ በኋላ ለምግብ የሚሆን ዘይት ይቀባዋል። ተጠቃሚው ደግሞ ዕቃውን በውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር የለበትም፤ ታጥቦ ወዲያው አየር በሚያገኘው መልኩ በቁሙ ከተቀመጠ ለዓመታት ያገለግላል።

ፒያኖ ውስጥም ቢች አለ። ከ200 የሚበልጡ የብረት አውታሮች የሚወጠሩባቸው ችንካሮች የተተከሉበት ወፍራም እንጨት በብዙ የአውሮፓ ፒያኖዎች የሚሠራው የቃጫቸው አቅጣጫ እየተፈራረቀ ከተጣበቁ የቢች ንጣፎች ነው። የአውታሮቹ ጠቅላላ ውጥረት ከ15 ቶን ሊበልጥ ይችላል፤ ችንካሮቹ ግን በእንጨቱ ሰበቃ ብቻ ተይዘው ለዓመታት መዞር የለባቸውም። የንጣፎቹ መፈራረቅ አንዱ የሌላውን ማበጥና መኮማተር ስለሚያግድ እንጨቱ ዋና ድክመቱን በራሱ ይቆጣጠራል። በፕላይውድ ውስጥ የሚሠራውም ይኸው መላ ነው። ልጣጮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተደርገው ሲጣበቁ ደግሞ ለሕንፃ ምሰሶና ወራጅ የሚሆን እጅግ ጠንካራ ጣውላ ይገኛል፤ ሁልጊዜም ከዝናብ በተጠበቀ ስፍራ መዋል አለበት።

ጣውላ ሊሆን የማይችለው ክፍልም አይጣልም። ደረቅ የቢች ማገዶ በኪሎ ግራም 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሙጫ ስለሌለው ፍንጣሪው ጥቂት፣ ፍሙም የሚቆይ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የብርጭቆ ሠሪዎች አሸዋን ለማቅለጥ የሚጠቀሙበት አመድ ብዙውን ጊዜ ከቢች የሚገኝ ነበር። ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1891 ዛሬ በማስቲካ ውስጥ የሚገባውን ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያገኘው ከቢች ፍቅፋቂ ከተወሰደ ስኳር ነው። ሞዳል የሚባለው ለስላሳ የልብስ ክርም ከቢች እንጨት ከሚወጣ ሴሉሎስ የተባለ የቃጫ ንጥረ ነገር ይፈተላል፤ በኦስትሪያ ሌንዚንግ የሚገኘው ፋብሪካ በዚህ ይታወቃል።

ቢችን ለሚሠራበት ሰው የሚነገረው ጥቂት ነው። መጋዙ ስለታም መሆን አለበት፤ ደነዝ መጋዝ የቢችን ጠርዝ አቃጥሎ ያጠቁረዋል። ሚስማር ወይም ብሎን ጠርዝ አጠገብ ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ መንገድ ይከፈትለት። ኮላና ቀለም በደስታ ይቀበላል። ውጭ ላይ ለሚቀመጥ አግዳሚ ወንበር ግን አይመረጥም፤ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት የታከመው ቢች ከመበስበስ ይጠበቃል፣ ነገር ግን በምትኩ ይጠቁራል፣ የመሰበር ጠባይም ይጨምራል።

አንድ ጉዳይ ግን በጥቂቱ ሊታለፍ አይገባም፤ እርሱም አቧራው ነው። በእንግሊዝ አገር በቺልተርን ኮረብታዎች የቢች ደኖች ውስጥ ለትውልዶች በእግር በሚንቀሳቀስ ቶርኖ የወንበር እግር የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በአቅራቢያው ያለችው ሃይ ዊኮም ከተማም የወንበር ከተማ ሆና ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐኪሞች በዚያ አካባቢ የእንጨት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ያልተለመደ የአፍንጫ ካንሰር በብዛት መታየቱን አስተዋሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ማስረጃው የጠነከረውም ቢችንና ኦክን በመሳሰሉ ጠንካራ እንጨቶች ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የጠንካራ እንጨት አቧራ በሜትር ኪዩብ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። አደገኛው ከመጋዝ ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት የሚያስነሣው፣ በአየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፍፎ የሚቆየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስለዚህ ማለስለሻ ማሽኑ አቧራ መምጠጫ ይገጠምለት፤ ሠራተኛው ፊቱ ላይ በትክክል የሚገጥም የአቧራ መከላከያ ጭንብል ያድርግ፤ ወለሉም ብናኙን መልሶ በሚያስነሣ መጥረጊያ ሳይሆን በመምጠጫ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጽዳ።